ያልሞላው ሰው፦ ስለ ኢንተርኔት መጠይቅ የተደረገ ዲስኩር



የዚህ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደውለውልኝ፣ “በኢንተርኔት መጠይቅ እንዴት ተሠርቶ እንዴት እንደሚሠራጭ ለሰዎቻችን አስረዳልን፤ አንድ ሰዓት ሰጥተንሃል” ሲሉኝ ሳቅሁ። “ይህ እኮ የአሥር ደቂቃ ነገር ነው” አልኳቸው። “እንግዲያው የቀረውን ሃምሳ ደቂቃ በምን እንደምትሞላው አንተ ታውቃለህ” ብለው ስልኩን ዘጉት።

እኔም አሰብኩበት። ፎርም መሥራት በእርግጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የቀረው ሃምሳ ደቂቃ ግን ፎርሙን ላልሞላው ሰው የሚሰጥ ነው። የዛሬው ርእሴም እርሱ ነው፤ ያልሞላው ሰው። በአራት ነጥብ እሄዳለሁ። አንደኛ ስለ መሣሪያው፣ ሁለተኛ ስለ ጥያቄው፣ ሦስተኛ ስለ ሥርጭቱ፣ አራተኛ ስለ አደራው። በየነጥቡ መጨረሻ ያንኑ ሰው እያነሣሁ ብሰለቻችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

አስቀድሜ ግን የራሴን ጉድ ላውጋችሁ።

በሰፈሬ ዕድር አንድ መቶ ሰማንያ አባላት አሉ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወርኃዊው መዋጮ እሑድ እሑድ በእጅ መሰብሰቡ ቀርቶ በቴሌብር ይከፈል የሚል ሐሳብ መጣ። “ለዚህ ስብሰባ ከምንጠራ በፎርም እንጠይቅ” አልኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ጉግል ፎርም ከፈትኩ፣ አንዲት ጥያቄ ጻፍኩ፣ ሊንኩን በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅሁት። በሦስት ቀን 63 ሰው መለሰ። 58ቱ “በቴሌብር ይሁን” አሉ። መልሱን የሚያሳየው ክብ ሥዕል ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ሆነ። ደስ ብሎኝ አትሜው ለጠቅላላ ጉባኤ ይዤ ሄድኩ።

ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ሳሳይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። “ልጄ፣ ወረቀቱስ መልካም ነው። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?” አሉ። ከኋላ አንድ አዛውንት ተቀበሏቸው፤ “እኔንስ?” ቀጥሎ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ልብ በሉ፤ “በስልክ መክፈል ትፈልጋላችሁ?” ብዬ የጠየቅሁት በስልክ ነው። ወንዝ ወርዶ ዓሣን “ውኃ ትወዳለህ ወይ?” እንደማለት ነው። አንድ መቶ አሥራ ሰባት ሰው ምን እንደሚያስብ ሳላውቅ “አባላት ተስማምተዋል” ልል ነበር።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልሂድ፤ መሣሪያው።

ጉግል ፎርምስ እ.ኤ.አ. በ2008 የጉግል ሠንጠረዥ ተቀጥላ ሆኖ የመጣ ነው። የጉግል አካውንት ላለው ሁሉ በነጻ ይሠራል። ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ በኮምፒውተራችሁ የኢንተርኔት አድራሻ ቦታ ላይ ‹ፎርምስ ዶት ኒው› ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ባዶ ፎርም ይከፈትላችኋል። ከላይ ርእስ፣ ከርእሱ ሥር ማብራሪያ። ማብራሪያውን ባዶ አትተዉት። ማን እንደሚጠይቅ፣ ለምን እንደሚጠይቅ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በሦስት መስመር ጻፉ። ሰው በር ሲያንኳኳ “ማን ልበል?” እንላለን አይደል? መልስ ሰጪውም እንደዚያው ይላል።

ከዚያ ጥያቄ መጨመር ነው። አጭር መልስ አለ፣ ረዥም መልስ አለ፣ ከብዙ አንድ የሚመረጥበት አለ፣ ከብዙ ብዙ የሚመረጥበት አለ፣ ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ የሚሰጥበት አለ፣ ቀንና ሰዓት የሚሞላበት አለ። ጥያቄዎቹን በክፍል በክፍል ማድረግ ይቻላል፤ “ልጅ አለኝ” ያለውን ስለ ልጆች ወደሚጠይቀው ክፍል፣ “የለኝም” ያለውን አልፎ ወደሚቀጥለው መላክ ይቻላል። ከየጥያቄው ግርጌ ‹ሪኳየርድ› የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትነኩት ጥያቄው ሳይመለስ ፎርሙ አይላክም። ይህን ቁልፍ እንደ በርበሬ በልክ ተጠቀሙበት። የስልክ ቁጥሩን መስጠት የማይፈልግ ሰው አስገዳጅ ስታደርጉበት ወይ ዐሥር ጊዜ ዜሮ ይጽፍላችኋል፣ ወይ ዘግቶት ይሄዳል።

መሣሪያው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ እኔ ተቀጥቼበታለሁና። ፎርሙን የምትሠሩበት ገጽ ሊንክና ሰው የሚሞላበት ገጽ ሊንክ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መጨረሻው ላይ ‹ኤዲት› ይላል፣ ሁለተኛው ‹ቪውፎርም›። አንድ ጊዜ ቸኩዬ የመጀመሪያውን ቀድቼ ላክሁ። ሌሊቱን ሙሉ ኢሜይሌ “እገሌ ፈቃድ ጠይቋል፣ እገሊት ፈቃድ ጠይቃለች” እያለ አደረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሊንኩን ከላይ ከአድራሻው መስመር አትቅዱ፤ ፎርሙ ራሱ ለመልስ ሰጪዎች ብሎ የሚሰጣችሁን ውሰዱ። ከዚያ ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ለሁለት ሰው ላኩት፤ አንዱ የናንተ ዕድሜ፣ አንዱ የእናታችሁ ዕድሜ ይሁን። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሲሞሉ እዩ፤ አፋችሁን ግን ዝጉ። የቆሙበት ቦታ ሁሉ የናንተ ጥፋት ያለበት ቦታ ነው። አንዳች ሳይጠይቅ ትቶት የሚሄደውን፣ ያንን ያልሞላውን ሰው፣ አስቀድማችሁ የምታገኙት እዚያ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ጥያቄው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እነዚህ መሣሪያዎች በሌላ አገር፣ ለሌላ አገር የተሠሩ ናቸው። የኛን ሰው አያውቁትም። የቀን ጥያቄ ብታስገቡ የሚቀርበው የፈረንጅ መቁጠሪያ ነው። አንዲት ሴት የተወለዱበትን ዓመት 1968 ብለው ይሞላሉ፤ ልክ ናቸው፣ በኛ አቆጣጠር። ሠንጠረዡ ግን በፈረንጅ ቆጥሮ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጃቸዋል። ከጎናቸው ያለው ልጃቸው ደግሞ የራሱን በፈረንጅ ይሞላል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዘመን ተቀላቀለ ማለት ነው፤ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ዕድሜ ካስፈለጋችሁ “ዕድሜዎ ስንት ነው?” በሉ፤ ዓመት ካስፈለጋችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን እጥያቄው ውስጥ ጻፉ።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። “ልጅዎ ከቤት ስንት ሰዓት ይወጣል?” ብላችሁ የሰዓት ሳጥን ብትሰጡ አንዱ ወላጅ 1፡30 ይላል፣ ሌላው 7፡30። ሁለቱም ስለ አንድ ጠዋት ነው የሚያወሩት። ሳጥኑን ተዉትና በምርጫ አቅርቡት፤ “ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ” ብላችሁ።

ስም ላይ ኑ። ከውጭ የተቀዳ ፎርም “የቤተሰብ ስም” ይላል። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባት ስም አለው፣ የአያት ስም አለው። እንደዚያው ብላችሁ ጠይቁ።

ፊደላችንንም አትርሱ። “የሚኖሩበት ከተማ” ብዬ ባዶ ሳጥን ብሰጣችሁ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ሀዋሳ፣ አንዱ አዋሳ፣ አንዱ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፋል። ለሰው አንድ ከተማ ናት። ለሠንጠረዡ አራት ከተማ ናት። መልሱ ተለይቶ የሚታወቅ ከሆነ፣ ክፍለ ከተማም ይሁን ወረዳ ወይም የክፍል ደረጃ፣ ሰው እንዲመርጥ ዘርዝራችሁ አቅርቡ። ባዶ ሳጥን ለሐሳብ ይቆይ።

አሁን ቃላቱን እንይ። “ስንት ቤተሰብ አለዎት?” ብትሉ አንዱ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለውን ቆጥሮ አምስት ይላል፤ ሌላው አገር ቤት ያሉትን አጎቶች ጨምሮ አርባ ይላል። “በዚህ ቤት አብረው የሚኖሩ ስንት ሰዎች ናቸው?” ስትሉ ነው ነገሩ የሚጠራው። “የትምህርት ቤቱ ምግብና ትራንስፖርት ጥሩ ነው?” የሚለውም ሁለት ጥያቄ በአንድ አፍ ነው፤ ምግቡ ጥሩ ሆኖ መኪናው የሚዘገይበት ወላጅ ምን ይበል? “የኮሚቴውን የላቀ አገልግሎት እንዴት ያዩታል?” ደግሞ ከነመልሱ የመጣ ጥያቄ ነው። አጠራሩም ነገር አለው። አማርኛ አንተ፣ አንቺና እርስዎ አለው፤ ስማቸውን የማታውቁት አዛውንት “ትስማማለህ/ሽ?” የሚል ፎርም ሲደርሳቸው ገና አንደኛው ጥያቄ ላይ ተቀይመዋል። እርስዎ በሉ፤ ሴቱንም ወንዱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። “በጣም እስማማለሁ” ብሎ ጀምሮ “በጣም አልስማማም” ላይ የሚያልቀውን መለኪያ ታውቁታላችሁ፤ ላይከርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ይሉኝታ ይገባበታል። ሰው ታሞም “ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” በሚልበት አገር፣ ሁሉ ነገር ላይ “እስማማለሁ” ማለት ጨዋነት ነው። ስለዚህ አስተያየቱን ትታችሁ የሆነውን ጠይቁ። “በጤና ጣቢያው አገልግሎት ረክተዋል?” ከማለት “ባለፈው ሲሄዱ ካርድ አውጥተው ሐኪም ፊት እስኪቀርቡ ምን ያህል ጠበቁ?” በሉ። “ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ” ማለት ማንንም ማማት አይደለም፤ ሰው በቀላሉ ይለዋል። ጥያቄ ሲያሳፍር፣ ሲያስቀይም፣ ሲያደናግር ያልሞላው ሰው ይበዛል። አንዳንዱ እንዲያውም ሞልቶ ነው ያልሞላው፤ እናንተን ደስ የሚላችሁን መልስ ሰጥቷችሁ ይሄዳል።

ሦስተኛው ነጥቤ ሥርጭቱ ነው።

ድሮ ለቅሶ ሲሆን የዕድር ጡሩምባ ነፊ በማለዳ ይዞር ነበር። ጡሩምባው የሚሰማው ግን ድምፁ እስከደረሰበት ድረስ ነው፤ ወንዝ ማዶ ያለው ዘመድ ዘንድ ሰው ይላካል። ሊንክ ማለት ጡሩምባ ነው። የሚሰማው ግሩፑ ውስጥ ያለ፣ ዳታ የሞላ፣ ስልኩ የሚከፍትለት ሰው ነው። ስለዚህ ፎርም ስትለቁ ሁለት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ጡሩምባው እስከ የት ይሰማል? ወንዝ ማዶስ ማን አለ?

ከዚህ በላይ እኛ ራሳችን የምንደረድረው እንቅፋት አለ። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይሞላ ብለን “አንድ መልስ ብቻ” የሚለውን ስንከፍት፣ የሚሞላው ሰው በጉግል አካውንቱ እንዲገባ ይገደዳል። ስንቱ ሰው ነው ኢሜይሉን የስልክ ሻጩ ልጅ ከፍቶለት፣ የይለፍ ቃሉን እስከዛሬ የማያውቀው? ፋይል ጫኑ ስንልም እንደዚሁ ነው። ለዕድርና ለወላጅ ኮሚቴ መጠይቅ ሁለት ሰው ደጋግሞ ቢሞላ የሚደርሰው ጉዳት፣ ሃምሳ ሰው በር ላይ ቢመለስ ከሚደርሰው ያንሳል።

ጡሩምባው የደረሰውን ሰው ብቻ በመስማት ከኔ በፊት አንድ ትልቅ መጽሔት ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ሩዝቬልትና ላንደን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ዐሥር ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰለት። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ሚሊዮን! መጽሔቱ “ላንደን ያሸንፋል” አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ምን ሆነ? መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደኅና ኑሮ ያለው ሰው ነው። ደግሞም ከተላከላቸው አብዛኞቹ ጨርሶ አልመለሱም። በዚያው ዓመት የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ በቁጥር በጣም ያነሱ ሰዎችን፣ ግን ከየዓይነቱ መርጦ ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። መጽሔቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተዘጋ። እኔ በ63 መልስ ስኮራ መጽሔቱ በ2 ሚሊዮን ኮርቶ ነበር፤ የሁለታችንም ጥፋት አንድ ነው።

መድኃኒቱስ? መድኃኒቱ እዚሁ አገር ነበረ። በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱትን የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ታስታውሳላችሁ። ቆጣሪው ወረቀቱን ይዞ ውሻ እየሸሸ፣ ገደል እየወጣ፣ ቤት ለቤት ሄደ። መልስ ሰጪውን የትም አልጠበቀውም፤ ደጁ ድረስ ሄደ። ዛሬ ያንኑ በስልክ ማድረግ ይቻላል። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባል፣ የእርዳታ ድርጅቶች በብዛት የሚሠሩበት መሣሪያ አለ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሞልታችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ኔትወርክ ስታገኙ ይልካል። ጉግል ፎርምም ቢሆን አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ፣ ጥያቄውን እያነበበ፣ የአዛውንቱን መልስ ቢሞላላቸው ያው ነው። ልጁ ግን የተባለውን ይሙላ፤ የራሱን አይጨምር።

ውጤቱን ስትናገሩ ደግሞ ታችኛውን ቁጥር አትደብቁ። “92 በመቶ ተስማምቷል” ስትሉ አዳራሹ ያጨበጭባል። “ከ180 አባላት 63 መለሱ፣ ከነዚያ 58ቱ ተስማሙ” ስትሉ አዳራሹ ያስባል። ሁለተኛው ይሻላል፤ ያልሞላው ሰው ቢያንስ ቁጥር ውስጥ ገብቷልና።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ አደራው ነው።

ሰው ስልክ ቁጥሩን፣ ገቢውን፣ ሕመሙን ጽፎ ሲልክላችሁ አደራ ሰጥቷችኋል። አደራን በሦስት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ የማትጠቀሙበትን አትጠይቁ። የስብሰባ ቀን ለመወሰን የማንም ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የባንክ ሒሳብ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ መልሶቹ የሚገቡበትን ሠንጠረዥ ማን እንደሚያይ እወቁ። ፎርሙ ውስጥ፣ ሞልቶ የጨረሰ ሰው የሌሎቹን መልስ ጠቅለል አድርጎ እንዲያይ የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ ሳታውቁት ከፍታችሁት ከሆነ የጎረቤት ገመና በጎረቤት ይነበባል። ያኔ መዝጋቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ፎርሙን ዝጉ፣ የማያስፈልገውን መረጃ አጥፉ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል የሚጠይቅ ሕግ ነው። የዕድር ጸሐፊ “ይህ ለትላልቅ ድርጅት ነው” ብሎ ባይዘናጋ ይሻለዋል።

ፎርም የምትሞሉት እናንተ ስትሆኑም ተጠንቀቁ። “ሥራ አለ፤ የመታወቂያዎን ፎቶና የባንክ ሒሳብዎን እዚህ ይሙሉ” የሚል ፎርም በቴሌግራም ሲዞር ያላየ የለም። ጉግል ራሱ በየፎርሙ ግርጌ የይለፍ ቃል በዚህ አትላኩ ብሎ ይጽፋል፤ ያችን መስመር የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን የናንተን እውነተኛ ፎርም አይከፍተውም። ያልሞላው ሰው አንዳንዴ ትናንት ሌላ ሰው ያቃጠለው ሰው ነው።

ልጨርስ ነው። የእኒያን እናት ነገር ሳልነግራችሁ ግን አልወርድም።

ከጉባኤው በኋላ በቀጣዩ እሑድ ከሁለት የሰፈር ወጣቶች ጋር ቤት ለቤት ዞርን። እሳቸው ቤት ስንደርስ ቡና ቀርቦ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ጥያቄውን አነበብኩላቸው፤ “መዋጮው በቴሌብር ይከፈል ወይስ በእጅ?” እሳቸውም፣ “ልጄ፣ ቴሌብሩስ ይሁን፤ የልጅ ልጄ ትልክልኛለች። እኔ ግን መዋጮ የምከፍልበት እሑድ እኮ ነው ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ የምሰማው። እሱ ሲቀር ማን ይነግረኛል?” አሉኝ።

ፎርሜ ሁለት ምርጫ ነበረው። የሳቸው መልስ ሁለቱም ውስጥ አልነበረም። እዚያው ቁጭ ብዬ ፎርሙን ከፍቼ “ሌላ” የሚል ሳጥን ጨመርኩበትና ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩ። ዕድሩም በኋላ የወሰነው በዚያ ሳጥን ነው፤ ገንዘቡ በቴሌብርም በእጅም ይከፈላል፣ እሑዱ ግን አይቀርም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ፎርማችሁን ሥሩ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃችኋል። ስትጨርሱ ሊንኩን ከመልቀቃችሁ በፊት ሊንኩ የማይደርሰውን አንድ ሰው በስሙ አስቡ። ነገ ጠዋት ስልካችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂዱ።